ቀይ ጓልን ጠፍ ያልንበት ዓመት

ይጁቤ አጠገብ፣ መስከረም 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለወለተ ሰንበት ልጅ፣ ለዋኘው።

የሰማይ ጠል የምድር በረከት ካለህበት ይድረስህ። የምትነዳውን ባቡር እመብርሃን ትጠብቅልህ፤ የሚሳፈሩትንም ሰዎች፣ ባላውቃቸውም። እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ልጄ ፋንታነሽ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስትደቅንብኝ የምሰማው የንብ ቀፎ ነው። ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት እንነጋገር፤ ዓይኔ ገና ዳዊት ይደግማል። መልስህን ደብረ ማርቆስ የሚያስተምረው አማቼ ጌቱ ከፖስታ ቤት ተቀብሎ ያደርስልኛል።

ፋንታነሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከነሦስት ልጆቿ እኔው ዘንድ ናት። የምጽፍልህም በእሷ ነገር ነው።

ከመስቀል በፊት መሬት የሚለኩ ልጆች መጡ። ገመድ የለ፣ ካስማ የለ፤ ከሰማይ የተነሣ ፎቶ ብቻ። ማሳዬ ቀይ ጓል ከነጤፉ፣ ከነድንበሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔም ደስ ብሎኝ «ይኸ የኔ ነው» ብዬ ጣቴን አስቀመጥኩበት። አንዲቱ ልጅ የ1989ኙን የመሬት ሽግሽግ መዝገብ ገልጣ አነበበችልኝ፦ «ጠፍ፤ ድንጋያማ፤ የማይታረስ»። ጽሕፈቱ ያንተ ነው። ጠፍ ከሆነ የቀበሌው ነው፣ ባሕር ዛፍ እንዲተክሉበት ለአሥራ ሁለት የተደራጁ ወጣቶች ይሰጣል አሉኝ። ሃያ አራት ዓመት ያረስኩትን ሁለት ጥማድ።

የምለምንህ አንድ ወረቀት ነው። ያኔ የኮሚቴው ጸሐፊ አንተ ነበርክ። «ቀይ ጓልን ጠፍ ብዬ የጻፍኩት ከጎኑ ጎርፍ ከሸረሸረው ቦረቦር ጋር ተምታቶብኝ ነው፤ እጄ ስቶ ነው» ብለህ ጻፍልኝ። ልጅ ነበርክ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ስታሰፍር ውለሃል፤ ማንም አይፈርድብህም። እኔ ነገ ስሞት ፋንታነሽ የምታርሰው ሌላ የላትም፤ በስሜ ያለውን አራቱን ጥማድ ወንዶቹ ልጆቼ ተካፍለውታል።

አጎትህ ወልደ ሚካኤል

—

ጎተንበርግ፣ ስዊድን፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ወልደ ሚካኤል።

ከራስዎ ጀምሮ እስከ ቤቱ ሕፃናት ድረስ ሰላምታዬ ይድረስልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባቡሩንም ደህና እነዳለሁ፤ የተሳፈሩት ሰዎች ስለ ጸሎትዎ ባያውቁም እኔ አመሰግንላቸዋለሁ። የፋንታነሽን ልጆች ሳሙልኝ።

እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያደግሁት በእርስዎ ቤት ነው። ይጁቤ ተመላልሼ የተማርኩት እርስዎ በገዙልኝ ደብተር ነው። ከዚህ ቀደም እንቢ ብዬዎት አላውቅም። ስለዚህ የሚቀጥለውን ስጽፍ ከብዶኛል።

ያሉኝን ወረቀት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተውኩት። አጎቴ፣ እጄ አልሳተም። የሽግሽጉ ገመድ ወደኛ ጎጥ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እርስዎና እኔ በሁለት አህያ ከወንዙ ድንጋይ እያጋዝን እንዳይወሰድብን ቀይ ጓል ላይ በተንነው። ማሳው ዓመቱን ሳይታረስ ስለከረመ የኮሸሽላ እሾህ ውጦት ነበር። ኮሚቴው ዳር ቆሞ አየና «ይኸስ ጠፍ ነው» አለ፤ ወደ ውስጥ የገባ አልነበረም። እኔም ጠፍ ብዬ ጻፍኩ። በሦስተኛው ዓመት ድንጋዩን ለቅመው ማረስ እንደጀመሩ የሰማሁት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው።

አልፈርድብዎትም። ግን ወረቀቱ እንዲህ ብሎ ከእጄ አልወጣ አለኝ። እስኪ አስቤ ሌላ መላ ካለ ልጻፍልዎ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያ ቦረቦር በዕጣ ለእትዬ ደብሪቱ ነበር የደረሰው። ባሏ በሞተ በዓመቱ፣ ጡት ያልጣለች ልጅ አዝላ መጥታ ዕጣ ያወጣችው ሴት። እንዴት ናት? ስለ ቦረቦሩ ሲጽፉ ስለ እሷ ምንም አላሉኝም።

አክባሪዎ ዋኘው አምሳሉ

—

ይጁቤ አጠገብ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዋኘው።

ሰላም ላንተ ይሁን፣ ለሚወዱህም። ደብዳቤህ መንገዱ ተዘግቶ ደጀን ላይ ይሁን የት እንጃ ሲንከራተት ከርሞ ሁዳዴ ሊገባ ሲል ደረሰ። ጾሙን በሙሉ ይዤው ዋልኩ። ተናድጄ እንዳልጽፍልህ ፋሲካን ጠበቅሁ፤ ፋሲካውም እየተቃረበ ነው፣ ንዴቱ ግን አልወጣልኝም።

ከዚያ ሆኖ ድንጋይ መቁጠር ቀላል ነው። እስኪ እኔም ልቁጠርልህ።

አባቴ መሬት ያገኘው ትውልድ ቆጥሮ ነው። ሽማግሌ ፊት ቆሞ እስከ ዋናው አባት ድረስ ሳይደናቀፍ የጠራ ይካፈላል፤ መሐል ላይ የተንተባተበ ባዶ እጁን ይመለሳል። በ1968 ትውልድ መቁጠር ቀረ፣ መሬት ላራሹ ተባለ። ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ በሃያ አራት ዓመቴ፣ በደስታ። ኋላ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር አደረጉኝ። ተራራው ተራቁቷል፣ ከብት አይግባበት አሉ፤ ከለልነው፣ ዘብ አቆምንበት፣ ከጎረቤቴ ጋር ተጣላሁበት። መንግሥት ሲለወጥ ሕዝቡ ዛፉን በአንድ ሳምንት ጨረሰው። በ1989 መጡና «ሊቀመንበር ስለነበርክ ቢሮክራት ነህ» አሉኝ። ቢሮክራት ምን ማለት እንደሆነ የነገረኝ የለም። ከአራት ጥማድ በላይ እንደማይዝ ግን ነገሩኝ። ከዚያ አረንጓዴው የመሬት ደብተር መጣ። ከዚያ ጥር በገባ ቁጥር እርከን ሥራ ውጣ። ከዚያ አፈሩ ኮምጥጧል፣ ኖራ በትን። አሁን ደግሞ ፎቶ ከሰማይ።

ሁሉንም ታዝዣለሁ። ጎጂ ነው አልልህም፤ ከእርከኑ ወዲህ ጎርፍ ማሳዬን ወስዶት አያውቅም፤ ኖራውም ገብሱን አንሥቶታል። ግን አንዱ የጻፈውን ሌላው ሲሰርዝ ሃምሳ ዓመት ያየ ሰው፣ ይህኛውም ወረቀት ያልፋል ብሎ ቢያስብ ምን ይደንቃል? አንዴ ዋሸሁ። ሰባት ልጅ ይዤ ነው የዋሸሁት፤ ስምንተኛው አንተ ነበርክ።

ደብሪቱን ጠየቅኸኝ። ከኔ የተሻለች ናት። ቦረቦሩን የድንጋይ ክትር ሠርታ፣ ዝሆኔ ሣር ተክላ ደፈነችው፤ ዛሬ ሽንኩርት ታወጣበታለች። ከዞንም ከክልልም እየመጡ ፎቶ ያነሷታል። እግዜር ክሷታል፣ የተጎዳ ሰው የለም። ስለዚህ ምንም እንዳትጽፍ። የለመንኩህን ትቼዋለሁ፤ ለፋንታነሽም የፈጠራት ያውቃል።

ወልደ ሚካኤል

—

ጎተንበርግ፣ ሰኔ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአጎቴ፣ ለአሳዳጊዬ።

በምን ቃል ሰላም እንደምልዎ አላወቅሁም። ተቆጥተውም ቢሆን ስለጻፉልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ስምንተኛው አንተ ነበርክ» ያሉት እውነት ነው። እዚያች ላይ ስደርስ ደብዳቤውን አጥፌ ሥራ ሄድኩ። ስመለስ ነው የቀረውን ያነበብኩት።

ዝም ልል አስቤ ነበር። ያልቻልኩበትን ምክንያት ልንገርዎ፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ዕጣው ወጥቶ ሰው ሲበተን እትዬ ደብሪቱ ወደተቀመጥኩበት መጣች። ልጇ ጀርባዋ ላይ ተኝታለች። «አንተ፣ ቀይ ጓልን ምን ብለህ ጻፍከው?» አለችኝ። ቀና ሳልል «ጠፍ ነው፣ እትዬ» አልኳት። ባለፈው ዓመት አጨዳ ላይ እዚያው ማሳ ውስጥ አብረን ገብስ ስንሰበስብ ውለናል፤ እርስዎ ቀጥረዋት። ማሳውን እንደ መዳፏ ታውቀዋለች። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። ጎንበስ ብላ መዝገቡን አየችና፣ ማንበብ አትችልም፣ «ጽሕፈትህ ያምራል» አለችኝ። ከዚያ ሄደች።

እዚህ አገር ሃያ አራት ዓመት ኖርኩ። ቅጽ ሞልቼ ስጨርስ አንዱ ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው ጽሕፈቴን ባደነቀ ቁጥር ፊቴ ይቀላል። ሚስቴ ትሑት ነው ትላለች።

ስለዚህ እውነቱን ጽፌያለሁ። ከዚህ ጋር ያለው ወረቀት ለቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ነው። ቀይ ጓል የእርሻ መሬት እንደነበር፣ ድንጋዩ ተጭኖ የመጣ መሆኑን፣ እኔም እያወቅሁ ጠፍ ብዬ እንደጻፍኩ ይናገራል። ኤንቨሎፑን አላሸግሁትም። ይህ ወረቀት ከቀረበ ባሕር ዛፉ ይቀራል፤ ቀይ ጓል ግን ከአራቱ ጥማድ በላይ ነውና የእርስዎ አይሆንም። ይህን አውቃለሁ። ከጀርባዎ ዞሬ ማንም ዘንድ አልክም። ቢያቀርቡት በእጅዎ፣ ቢያቃጥሉትም በእጅዎ ይሁን። ለፋንታነሽ ግን ከቀይ ጓል ሌላ በማንኛውም ነገር እኔ አለሁ።

ልጅዎ ዋኘው

—

ይጁቤ አጠገብ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዋኘው።

ዘመኑን ለፍሬ፣ ዕድሜህን ለንስሐ ያድርግልህ። ለኔም ለምንልኝ።

ወረቀትህ ሐምሌ ላይ ደረሰ፣ ጤፍ በሚዘራበት ሳምንት። በሬዎቹን ጠምጄ ቀይ ጓል ወረድኩና ዘሩን ይዤ ዳር ላይ ቆምኩ። ቆይቼ ዘሩን ሳልበትን፣ በሬዎቹን ፈትቼ ተመለስኩ። ፋንታነሽ ምነው አለችኝ፤ ዝናቡን አልወደድኩትም አልኳት። ከዚያ መስከረም እስኪጠባ ወረቀቱ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከረመ። አንድ ቀን ምድጃው አጠገብ ይዤው ነበር፣ አልዋሽህም።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ደብሪቱ ቤት ሄድኩ። ጎረቤቴ ናት፤ በለቅሶም በሠርግም እንገናኛለን፤ ግቢዋ ግን ከሽግሽጉ ወዲህ ገብቼ አላውቅም። እዚህ ላይ የደበቅሁህን ልንገርህ፦ ቀይ ጓል ሊሰጣቸው ከነበሩት አሥራ ሁለት ወጣቶች አንዷ ያቺ ታዝላ የነበረችው ልጇ ናት፣ ሀይማኖት። መሬት የላትም። ይህንን እያወቅሁ ነው የተጎዳ ሰው የለም ብዬ የጻፍኩልህ።

ሽንኩርት እያረሙ ደረስኩ። ወረቀቱን ለሀይማኖት ሰጠኋትና ለእናትሽ አንብቢላት አልኳት። እኔ ለማንበብ አንደበት አላገኘሁም። አንብባ ስትጨርስ ደብሪቱ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ድንጋዩን ስታጋዙ አይቻችሁ ነበር» አለችኝ። «ሁለት ሳምንት ሙሉ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«አያ ወልደ ሚካኤል፣ አንተ ሰባት ልጅ ነበረህ። እኔ አንድ።»

መሬት ተሰንጥቆ በዋጠኝ ያልኩት ያን ጊዜ ነው። እሷ ግን አልጨረሰችም። «ኋላ ድንጋዩን ለቅመህ ዳር ስትከምረው እየወሰድኩ ክትር ሠራሁበት። ግማሹ ክትሬ ካንተ ማሳ የወጣ ነው። አንድ ቀን እንኳ የት ደረሰ ብለህ አልጠየቅኸኝም።» እውነቷን ነው። አልጠየቅሁም፤ የሄደልኝ መስሎኝ ነበር።

ይቅር በይኝ አልኳት። «እሱስ ዱሮ ነው» አለችኝ። ከዚያ ግን ፊቷ ተለወጠ። ቤት ገብታ የመሬት ደብተሯን አመጣችና ሀይማኖትን አስነበበቻት። እንዲህ ይላል፦ አንድ ጥማድ፣ ለም።

ዋኘው፣ ቦረቦሩ በመዝገብህ ላይ «ለም» ነው። አረንጓዴው ደብተር ካንተ መዝገብ ነው የተገለበጠው። ሰው ቢወድቅበት የማይወጣበትን ገደል ለም ተብላ ተቀብላ፣ የለም መሬት ግብር ስትከፍልበት ኖራለች። «ግብሩ ይቅር» አለችኝ ደብሪቱ። «ባለፈው ክረምት እንግዶች መጡ። ባለሙያው ደብተሬን አየና፣ ድሮም ለም መሬት ነው የደረሳት፣ ጥሩ አድርጋ ይዛዋለች አላቸው። አጨበጨቡልኝ። ሃያ ሰባት ዓመት አፈር በጀርባዬ ተሸክሜ፣ ጥሩ ይዛዋለች። ቀይ ጓልን አልፈልግም፣ ያሻው ይውሰደው። እኔ የምፈልገው ያ ልጅ በዚያው እጁ ቦረቦር ነበር ብሎ እንዲጽፍልኝ ነው።»

የኔን ውሸት አሳምረህ ጽፈህ ላክህልኝ፤ ደግ አደረግህ። ይኸኛውስ የማን ነው? እኔ አላዘዝኩህም። ኮሚቴውም ስለ ቦረቦሩ ክፉም ደግም አላለም፤ እዚያው ቆሜ ነበር። አንተ ደግሞ እዚህ ላይ ስትደርስ ጸጥ ብለሃል።

ወረቀትህን ለቀበሌው ሰጠሁ፣ ፊርማዬንም ከሥር አኖርኩ። ባሕር ዛፉ ቀርቷል። ቀይ ጓል እርሻ ተብሎ ተመዘገበ፤ መሬት ለሌላቸው በዕጣ ይሰጣል ተብሏል። ፋንታነሽም ስሟን አስገብታለች፣ ሀይማኖትም። ለማን እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም። ነገሩን ለፋንታነሽ ራሴ ነገርኳት። ሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ በሦስተኛው እራት አቀረበችልኝ።

አሁን የምለምንህ የደብሪቱን ነው። እንዳታዘገየው።

አጎትህ ወልደ ሚካኤል

—

ጎተንበርግ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ ወልደ ሚካኤል።

ለእርስዎም፣ ለፋንታነሽም፣ ለእትዬ ደብሪቱና ለሀይማኖትም እንደየክብራችሁ ሰላምታዬ ይድረስ። ጸጥ ያልኩት ረስቼ አይደለም። የእርስዎን ስጽፍ እንደ እውነተኛ ሰው ተሰምቶኝ ነበር፤ በዚያው ልለፍ ብዬ ነው። ያፈርኩትን ያህል በወረቀት አይወጣልኝም። ከዚህ በታች ያለውን ሀይማኖት ለእናቷ ጮክ ብላ ታንብብላት፤ ከዚያ ለኮሚቴው ይሰጥ።

*ይድረስ ለቀበሌው የመሬት ኮሚቴ። ግልባጩ ለወይዘሮ ደብሪቱ አካለ ወልድ።*

*እኔ ዋኘው አምሳሉ በ1989ኙ ሽግሽግ መዝገብ ጸሐፊ ነበርኩ። ኮሚቴው ለእያንዳንዱ መሬት ተቀባይ ቤተሰብ አንድ ጥማድ ለም መሬት እንዲደርስ ወስኖ ነበር። ቀይ ጓልን ጠፍ ብዬ ካስወጣሁ በኋላ ስደምር ለም መሬቱ አንድ ጥማድ ጎደለኝ። ጎደለ ብዬ ብናገር ለምን እንደጎደለ እጠየቃለሁ። ስለዚህ ቦረቦሩን ለም ብዬ አስገባሁትና ድምሩ ገጠመ። ዕጣው ለማን እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። ለአጎቴ ቤት እንደማይወጣ ግን አውቅ ነበር፤ እሱ ዕጣ ውስጥ አልነበረም።*

*ወይዘሮ ደብሪቱ የተረከበችው ሁለት ሰው ተደራርቦ ቢቆም የሚውጥ ቦረቦር ነው። ከላይ ዳሩ ላይ ጥቂት ሣር ነበረበት፤ ሌላው ቀይ ገደል ነው። ዛሬ እዚያ ላይ ያለውን አፈር ያመጣችው እሷ ናት። መሬቱ ለም ሆኖ አልተሰጣትም።*

*ይህን እንድጽፍ ያዘዘኝ የለም። ያኔም ያዘዘኝ አልነበረም።*

*ዋኘው አምሳሉ*